ደብተሩ ከሣጥን ሲወጣ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በመርሳ ከተማ የቀረበ ንግግር። ንግግሩን ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቀበሌዎች የተውጣጡ አባላት በጋራ አዘጋጅተውታል።)

 

ዘንድሮ ስለ መሬት እንድንናገር የጠየቃችሁን እናንተ ደጋፊዎቻችን ናችሁ። ጥያቄያችሁ «በታዳጊ አገሮች የመሬት ሥርዓት እንዲሻሻል የውጭ መንግሥታት ብዙ ገንዘብ ሰጥተዋል፤ ከዚያ ውስጥ እናንተ ዘንድ ምን ደረሰ?» የሚል ነበር። ተሰብስበን ተነጋገርንበት። መልሳችን አጭር ነው። የደረሰን ደብተር ነው። ደብተሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እናመሰግናለን። ደብተሩ ከተሰጠ በኋላ ያለው ሥራ ግን ገና ነው፤ ለእርሱ የሚከፍል ደግሞ እስካሁን አላገኘንም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ወሎ የመሬትን ነገር የተማረው በመከራ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ሕዝብ ያለቀው በእኛው አገር ነው። ከመካከላችን አዛውንቶቹ ያን ዘመን ያስታውሱታል፤ ጭሰኛ የነበረ ገበሬ ዝናቡ ቢቀርበትም የባለመሬቱ ድርሻ አይቀርለትም ነበር። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የታወጀው ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ጭሰኝነትን አስቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ደግሞም የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬቱን ራሱ ለማልማት ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ይሰጠው አለ።

ቃሉ ጥሩ ነበር። ግን «አራሽ» ማን ነው? በአገራችን ሞፈር የሚጨብጠው ወንድ ነው። እኛ እናርማለን፣ እናጭዳለን፣ ዘር እንመርጣለን፣ ወፍ እንጠብቃለን፣ ከአውድማ እናመላልሳለን። ይህ ሁሉ ማረስ አይባልም። ስለዚህ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የገባው የአባወራው ስም ሆነ። ባል ያላት ሴት በባሏ ስም ውስጥ ተቆጠረች። ኋላ፣ በደርግ መውደቂያ አካባቢ በእኛ በኩል በተደረገው ክፍፍል፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶችም ድርሻ አገኙ። ያም ቢሆን «ይህ ማሳ የእገሊት ነው» የሚል ወረቀት በእጃቸው አልገባም። ማስረጃው የጎረቤት ቃል ነበር። ጎረቤት ደግሞ ይሞታል፤ ይጣላልም።

በሌላው ዓለም የውጭ መንግሥታት በመሬት ጉዳይ ሲገቡ ሥራው የተለያየ ነበር። በጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1950፣ አገሪቱን ይዞ የነበረው የአሜሪካኖች አስተዳደር ገፍቶ፣ መንግሥት ከባለመሬቶች መሬት ገዝቶ ለጭሰኞች እንዲሸጥ አደረገ። በእኛ አገር መሬቱን ከባለመሬት ወደ ገበሬ ያዞረው የራሳችን አዋጅ ነው። የውጭው ድጋፍ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ መሬቱን ለመለካትና ለመመዝገብ ነው። ይህን ልዩነት መያዝ ይጠቅማል፤ የድጋፉ ልክ እስከ የት እንደሆነ ያሳያልና።

በአማራ ክልል ሥራውን መጀመሪያ የደገፈችው ስዊድን ናት። ክልሉ የአካባቢ ጥበቃና የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቱን ያቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው አስቀድሞ በሁለት ቀበሌዎች ተሞከረ፤ አንዱ በጎረቤታችን በደቡብ ወሎ ገራዶ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት። በሙከራው በዘመናዊ መሣሪያ መለካት ዋጋውም ጊዜውም እንደሚበዛ ታየ። ስለዚህ በክልሉ ሁሉ ሲስፋፋ ቀላሉ መንገድ ተያዘ። ሕዝቡ የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ መረጠ። ማሳው በገመድ ተለካ፤ አዋሳኞቹ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ቆመው መሰከሩ። ወጪው ለአንድ ማሳ 1 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደነበር ያጠኑት ጽፈዋል። በዚህ ዋጋ ይህን ያህል መሬት የመዘገበ አገር በአፍሪካ እምብዛም አልነበረም።

ከዚያ ሌሎችም መጡ። አሜሪካ ከ1997 ዓ.ም. ጀምራ የመሬት አስተዳደርን ደገፈች። ፊንላንድ ከ2003 ዓ.ም. ጀምራ በአማራና በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ሠራች፤ መዝገቡ በኮምፒውተር እንዲያዝም አገዘች። እንግሊዝ ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሁለተኛውን ደረጃ ምዝገባ ደገፈች፤ ዕቅዱ 14 ሚሊዮን ማሳ መመዝገብ ነበር። የዓለም ባንክም አለበት። የሁለተኛው ደረጃ ልዩነቱ ካርታው ነው። ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ የማሳው ድንበር ይሰመራል፤ ውጤቱ በቀበሌ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ስህተት ያየ ይቃወማል፤ ከዚያ ማረጋገጫው ካርታ ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በሕይወታችን የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ የተነሣነው ለዚህ ደብተር ነው። ነጠላችንን አስተካክለን፣ ሻሻችንን አጥብቀን፣ ከባሎቻችን ጋር ተሰልፈን ተራ ጠበቅን። በአማራ ክልል ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይወጣል። የሕግ መሠረቱ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ላይ አለ፤ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል፤ በውርስም እንዲሁ። የ1997 ዓ.ም. የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅም የጋራ ይዞታ ከሆነ ማረጋገጫው በሁሉም ስም ይዘጋጅ ብሏል።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲባል ሰምተን አድገናል። በተረቱ ውስጥ ሚስትና ርስት ሁለቱም የባል ናቸው። በደብተሩ ውስጥ ግን ሚስትም ባለይዞታ ናት። ይህን ለማየት በቅተናል።

ጥቅሙም በዓይን የሚታይ ነው። በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት ደብተር ያገኙ ገበሬዎች መሬታቸው እንዳይወሰድ የነበራቸው ሥጋት መቀነሱን፣ እርከንና ሌላ የአፈር ጥበቃ መጨመራቸውን፣ መሬት ማከራየትም እንደደፈሩ አሳይቷል። እኛም እናውቀዋለን። ነገ ይወሰድብኛል ብላ የምትፈራ ሴት ድንጋይ ተሸክማ እርከን አትሠራም፤ የማንጎ ችግኝም አትተክልም። ማንጎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይጠብቃል። መርሳ አካባቢ ዛሬ በራሷ ጓሮ ማንጎ የተከለች እማወራ ስታዩ፣ ችግኙን የተከለችው ያንን ሥጋት ትታ እንደሆነ አስቡ።

እስካሁን የተናገርነው ደስ የሚለውን ነው። ቀጥሎ ያለው ያስቸገረን ነው።

ማኅበራችን የደብተር ንባብ ቀን የሚባል ነገር ጀምሯል። አሳቡ የመጣው ከአንዲት አባላችን ነው። ቁጠባ በምናሰባስብበት ዕለት «ደብተሬ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብባችሁ ንገሩኝ» አለች። ደብተሯን ከተቀበለች ዓመታት አልፈዋል፤ በፌስታል ጠቅልላ ከሣጥኗ ታች አስቀምጣዋለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። ማንበብ አትችልም። አሥረኛ ክፍል የምትማር የአንዷ ልጅ ጮክ ብላ አነበበችላት። ሁለት ማሳ ነበራት፤ የተጻፈላት አንድ ነው። ሁለተኛው በኮሚቴው ስህተት ይሁን በሌላ ምክንያት በአዋሳኟ ስም ገብቷል። አዋሳኟ ደግሞ ሞቷል፤ ልጆቹ አያውቋትም።

እርሷ ያን ቀን አላለቀሰችም። «እንግዲህ እስከዛሬ ይዤ የኖርሁት ግማሹን ነዋ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁላችንም ደብተራችንን ይዘን መምጣት ጀመርን።

በንባቡ ቀን ያየነውን በአራት ከፍለን እንናገር።

አንደኛው የየእኩል ነገር ነው። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በሬ የላትም። መቀናጆም ቢሆን አንድ በሬ ይጠይቃል፤ ወንድ ልጅም ይጠይቃል። ስለዚህ ማሳዋን ለሌላ ሰው የእኩል ትሰጣለች። ውሉ በቃል ነው፤ «አያ እገሌ የቤት ሰው ነው» ይባላል። አሥር ዓመት ያልፋል። አራሹ ማዳበሪያውን በስሙ ያወጣል፤ በቀበሌው የሚታየው እርሱ ነው። አንድ ቀን መሬቴን መልስልኝ ስትለው «እኔ ነኝ ያቀናሁት» ይላታል። ከአባላቶቻችን አንዷ ይህ ደርሶባት ደብተሯን ይዛ ወደ ሽማግሌዎች ሄደች። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሰላም ይሻላል ብለው ማሳውን ለሁለት ከፈሉት። ደብተሩ ሙሉውን የእርሷ ነው ይላል። ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ ብንላት «ከእነርሱ ጋር ነው የምኖረው፤ ለቅሶዬን የሚደርሱት እነርሱ ናቸው» አለችን። መልስ አጣን። ያን ማሳ እስከዛሬ ግማሹን ብቻ ነው የያዘችው።

የ1997ቱ አዋጅ የመሬት ኪራይ ውል የሁሉንም ባለመብቶች ፈቃድ እንዲያገኝና እንዲመዘገብ ይጠይቅ ነበር። ያ ውል በመጀመሪያው ዓመት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጠቡ ባልመጣ ነበር። የእኩል ስትሰጥ ግን እንዲህ ያለ ሕግ እንዳለ የነገራት አልነበረም። እኛም አልነገርናትም። ይህ የእኛም ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ፍቺ ነው። ደብተሩ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ሲጣሉ ደብተሩ በባል ሣጥን ይቀራል። ሴቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቀበሌ ትሄዳለች። ስሟ በደብተሩ ላይ አለ፤ ፎቶዋ አለ፤ በእጇ ግን ምንም የለም። ግልባጭ ኖሯት ቢሆን ወይም የይዞታ ቁጥሯን ብታውቅ ወረዳው መዝገብ ላይ ፈልጉልኝ ማለት ትችል ነበር።

ሦስተኛው ሞት ነው። አባት ከሞተ ዓመታት አልፈው ደብተሩ እስከዛሬ በእርሱ ስም ነው። ወንድሞች ያርሳሉ፤ እኅት አግብታ ሄዳለች ተብሎ ድርሻዋ ተረስቷል። ውርሱ አልተመዘገበም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በእንግሊዝና በሌሎችም እርዳታ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ መዝግባለች፤ ዓለም ሁሉ አድንቋታል። በኋላ ግን ስም ለማዛወር የሚጠየቀው ክፍያ ትንሽ ማሳ ላለው ሰው ከበደው፤ ብዙ ሽያጭና ውርስ ሳይመዘገብ ቀረ። መዝገቡ ሌላ፣ ማሳው ሌላ መሆን ጀመረ። የመጀመሪያውን ምዝገባ ሁሉም ይደግፈዋል። መዝገቡ ከሰው ሕይወት ጋር አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ግን ጥቂት ሰው የሚያየው ሥራ ነው።

አራተኛው ስደትና መልሶ ማልማት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወልድያና መርሳ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ስንሸሽ ልጆቻችንን አንጠልጥለን ነው የወጣነው፤ አንዳንዶቻችን ደብተሩን በጉያችን አደረግነው፣ አንዳንዶቻችን ቤት ትተነው ስንመለስ ቤቱም ሣጥኑም አልነበረም። ወልድያ ዙሪያ ያሉ አባሎቻችን ደግሞ ሌላ ሥጋት አለባቸው። ከተማው ይሰፋል፤ መንገድ ይወጣል፤ የእርሻ መሬት ለልማት ይወሰዳል። ለሚነሣ ሰው ካሣ እንዲከፈል በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለ። ጥያቄው ካሣው ሲመጣ በማን ስም ይከፈላል፣ ሚስትስ ሳትፈርም ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ስሟ በደብተሩ ላይ እንዳለ የምታውቅ ሴት ከጠረጴዛው ፊት ቆማ ትጠይቃለች። የማታውቅ ቤት ትቀመጣለች።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ አሁን የምንላችሁ ለእናንተ ነው።

የመሬት ፖሊሲ የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ነው። መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ በሚለው እኛ አባላቱ ራሳችን አንድ አሳብ የለንም። አንዳንዶቻችን መሸጥ ቢፈቀድ በአንድ ክፉ ዓመት ሁሉ ነገር ያልቃል ብለው ይፈራሉ፤ የ1977ትን ረሃብ ያዩ እናቶች ይህን አጥብቀው ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ንብረት ከሆነ ለምን አይሸጥም እንላለን። ይህን እንድትወስኑልን አንጠይቃችሁም። የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው አቆጣጠራችሁን የሚመለከት ነው። ይህን ያህል ደብተር ታደለ የሚል ዘገባ ሲመጣላችሁ፣ «ከተሰጠ ከሦስት ዓመት በኋላ ደብተሩ የት ነው? በላዩ ላይ ያለችው ሴት የተጻፈውን ታውቃለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ከጠየቀ መልሱን የሚፈልግ ሰው ይገኛል።

ሁለተኛው ስለ ትንንሽ ወጪዎች ነው። ከቆላ ቀበሌ መርሳ ደርሶ ለመመለስ መሳፈሪያ ያስፈልጋል። ፎቶ ኮፒ ያስፈልጋል። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ይከፈላል። ምስክር ይዞ መምጣት ምሳ ማብላት ነው። የችሎት ቀጠሮ ሲተላለፍ ይህ ሁሉ ይደገማል። እነዚህ ወጪዎች በትልቅ ፕሮጀክት በጀት ውስጥ ቦታ የላቸውም። አንዲት ሴት መብቷን ትታ የምትቀመጠው ግን በእነርሱ ምክንያት ነው። ማኅበራችን ከቁጠባው ቀንሶ ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለይቷል። እናንተም በዚያ ላይ ጨምሩ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ፕሮጀክት የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ውርስ የሚመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ቶሎ የሚያልቅ ትልቅ ገንዘብ ከምትሰጡን፣ ሳይቋረጥ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ ይሻለናል።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ የመጨረሻውን ቃል ለራሳችን እንናገር።

ደብተራችሁን አንብቡ፤ የማታነቡ አስነብቡ። ስምና የአያት ስም፣ የማሳው ብዛት፣ አዋሳኞቹ ትክክል መሆናቸውን አረጋግጡ። ስህተት ካለ አዋሳኙ በሕይወት ሳለ አስተካክሉ። ግልባጭ አስነሥታችሁ ከቤታችሁ ውጭ በምታምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጡ። የእኩል ስትሰጡ፣ ለወንድማችሁም ቢሆን፣ ጻፉ፤ አስመዝግቡ። ውል መጻፍ ሰውን አለማመን አይደለም፤ በእናንተና በወንድማችሁ ልጆች መካከል ነገ ጠብ እንዳይነሣ ነው። ባል ወይም አባት ሲሞት ከለቅሶው በኋላ ወደ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከእኛ አንዷን ይዛችሁ ሂዱ። ብቻዋን የሄደች ሴት «ነገ ተመለሺ» ትባላለች፤ ሦስት ሆነው የሄዱ ወንበር ይሰጣቸዋል።

ያቺ በመጀመሪያ ደብተሯን ያስነበበችው አባላችን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች። የሁለተኛው ማሳዋ ጉዳይ አላለቀም። የሟቹ ልጆች አንዱ ሊመሰክርላት ተስማምቷል፤ ሌላው እንቢ ብሏል። ቀጠሮዋ ከመኸር በኋላ ነው። መሳፈሪያዋን ማኅበሩ ይዟል፤ ሁለታችን አብረናት እንሄዳለን።

የሚቀጥለው የደብተር ንባብ ቀን ቁጠባ የምናሰባስብበት ዕለት ነው። ደብተራችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማንበብ የምትችል ሴት ልጅ ያላችሁም ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ።